ክሬን ላይ የሚውል ሰው

ባሌ ዶሪኔል ክሬን ነጂ ነው፤
ኮንስታንሳ ወደብ፣ ጥቁር ባሕር ዳር፣
አርባ ሜትር ሽቅብ፣ አየር ላይ የሚውል ሰው፣
የስንዴ ተራራ በገመድ የሚያሻግር።

በበረዶው ወራት ጆሮው ጮኸ፣ ራሱ ከበደው፤
ሐኪም ክንዱን አስሮ፣ ነፍቶ፣ አስተንፍሶ፣
ቁጥሩን ደግሞ አየው፤
"ግፊትህ አይሏል" አለው ድምፁን ቀንሶ።
አንዲት ክኒን ጻፈ፣ ነጭ፣ ምስር የምታህል፦
"ጠዋት ጠዋት ዋጣት፤ ታሸናለች፣
ጨውን ከነውሃው አዝላ ትወጣለች።"
ይኸው ነው። ስንት ሰዓት ትሠራለህ አላለው፤
ሽንት ቤትህ የት ነው አላለው።

ሽንት ቤቱ ታች ነው፦
መቶ ሰባ ስምንት የብረት ደረጃ ተወርዶ፣
በግምጃ ቤት ጀርባ ተሂዶ፣
ቁልፉ ከዘበኛ ተለምኖ።
የመጀመሪያ ቀን አራት ጊዜ ወረደ፤
በማግስቱ አምስቴ። የመርከቡ አለቃ ነደደ፤
ጎረምሶቹ ከታች "ዝናቡ መጣ!" አሉ፣
ሆዳቸውን ይዘው እየተንከባለሉ።
ቀልድ ነበር። ስም ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ክኒኗን ኪሱ ውስጥ አዋላት፤
ማታ፣ ከራት በኋላ፣ ተደብቆ ዋጣት።
እንቅልፋችን ወንፊት ሆነ፤
የኮሪደሩ መብራት በራ፣ ጠፋ፣ በራ፤
በሦስተኛው ሌሊት ምንጣፍ ጠልፎት
ግንባሩን ከበር አላተመ።
"ተወው በቃ" ያልኩት እኔ ነኝ።
አልደብቅም። እንቅልፍ አምሮኝ ነበር።

ተወው። ቁርጭምጭሚቱ እንደ ሊጥ ተነፋ፤
ጣቴ የነካው ስፍራ ጎድጉዶ ቀረ።
ሰኞ ቀጠሮ አለኝ ብሎ፣ ቁጥሩ እንዳያሳፍረው፣
የሳምንት ዕዳ ባንድ ጠዋት ሊከፍል፣
ሦስት ክኒን ባንዴ ዋጠ።
የመድኃኒት ዕዳ ግን የቤት ኪራይ አይደለም፤
ተጠራቅሞ አይከፈልም።

ሐምሌ ነበር፤ ብረቱ ይፋጃል።
ውሃ አልጠጣም፤ ከጠጣ መውረድ ይመጣል።
ከወንበሩ ብድግ ሲል ወደቡ ዞረ፤
ባሕሩ ላይ ወጣ፣ ሰማዩ ታች አደረ፤
ባቱ ተሸማቀቀ፣ አፉ አመድ ሆነ፤
ስምንት ቶን ስንዴ አየር ላይ ቆመ፣
ምላስ ጫፍ ላይ እንደ ጠፋ ቃል።

ቬርጂኒያ፣ ከታች ምልክት የምትሰጠው፣
መንጠቆው ሲዘገይ አየች።
በሬዲዮ "ዶሪኔል" አለችው፤ ዝናቡ አላለችም፤
"እንዳትቆም። ተቀመጥ። ራስህን ጉልበትህ መሐል ክተት።
ሰው እየወጣልህ ነው።"

ደሙን ቀዱት። ሶዲየሙ ወርዷል፣
ፖታሲየሙ ወርዷል፣ ኩላሊቱ ተቆጥቷል።
ዶክተር ስማራንዳ ወረቀቱን ጨርሳ
መነጽሯን አነሳችና፣ "ሥራህ ምንድን ነው?" አለችው።
እየሳቀ ነገራት። እሷ አልሳቀችም።

ሦስት ሳምንት መሬት ላይ ዋለ፣ ደሙ እስኪረጋ።
ክኒኗም ሰዓት ቀየረች፦ ዘጠኝ ሰዓት፣
ፈረቃው አልቆ ቤት ሲገባ፤
ከመኝታ በፊት ሥራዋን ትጨርስ።
"ያመለጠችህን እርሳት፤ ሁለት አድርገህ አትዋጥ።
ካስመለሰህ፣ ካስቀመጠህ፣ ሙቀት ካዛለህ፣
ሳትውጣት ደውልልኝ።
ለጉልበትህ ከመደብር የምትገዛትን ማስታገሻስ?
አምጣና አሳየኝ፤ ከዚህች ጋር ኩላሊትህ ላይ ትዶልታለች።"
ፖታሲየም ራሴ ልግዛ ወይ አላት።
"ደምህን ሳላይ? እንዳታደርገው!"

አሁን ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤
ደረጃ እንደሚቆጥር እስከ ሃያ ይቆጥራል፤
ከዚያ ይቆማል።
አይቡን ማታ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ፣ ጨው እንዲለቅ፤
"ጣዕም የለውም" ይላል። እውነቱን ነው።
ቁጥሮቹን በደብተር እጽፋለሁ፤
"ልተወው" ካለኝ፣ "በቃ" አልልም፤ "ለምን?" እላለሁ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲዘጋ
ራዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ፤
እኔ አፍሬ አይደለም፣ እሱ እንዳያፍር ነው።
ጎረምሶቹ ግን ስሙን አልተዉትም፤
ማለዳ ደረጃው ሥር "ዝናቡ!" ሲሉት
አንድ እግሩን ብረቱ ላይ አሳርፎ፣
"ዛሬ ከዘጠኝ በፊት አልዘንብም" ይላቸዋል፤
ቀስ ብሎም ይወጣል።