መሐል የቀረው

ታኅሣሥ ነው፤ ደብረ ብርሃን። ውርጭ መስኮቱን ሲልስ፣
በፕላስተር እልጣለሁ፣ ድንጋይ ከቅጠል እስኪያንስ።
ሞሊብዲነምና ድኝ፤ እርሳስ መሳይ ጥቁር፣
አንዱ ሲላጥ ዐሥር፣ ዐሥሩ በአጉሊ መነጽር
ብቻ የሚቆጠር።
ጽሑፉ የጠፋ፣ ገጹ ብቻ የቀረ ብራና፤
ገጽ ከገጽ የሚይዘው ጠንካራ ስፌት የለውምና
ሊቲየም በስንጥቁ ሾልኮ ይገባል።
በትንሽ ቮልት ስጠራው ጥቂቱ ይመጣል፤
ንብርብሩ ነፋ ይላል፣ ኮረንቲው ቀለል ብሎት ያልፋል።
ደግሜ ስጠራው፣ ይበልጥ።
ሳባርረው ይወጣል፤
ሁሉም ግን አይወጣም።
ማስታወስ ያ የቀረው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከግቢው እስከ በሬሳ ማቋረጫ አለ፣ በገብሱ መሐል፤
ባለ ማሳው ጥላዬ ሰኔ ሲመጣ ያርሰዋል፤
ኅዳር ላይ ያው እዚያው፣ ተረግጦ ይገኛል።
ለተማሪዎቼ እንዲህ ነው የማስረዳው፤
«ማን ሠራው?» ስላቸው ይስቃሉ፤ «የሄደው!»
አንዲት የመሐል ሜዳ ልጅ ብቻ
«የደጋገመው» አለች፤ ጠመኔዬን አስቀመጥሁ።

በር ላይ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ከካፖርቱ በላይ ባና፤
ግራ እጁ እሺ አይለውም፣ ስትሮክ መትቶታልና።
ድሮ የሠራተኛውን ስም እስከ አያቱ ያውቅ ነበር፤
ከግንቦት ወዲህ ግን፣ እንደ መጤ፣ መታወቂያ ይለኝ ጀመር።
ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ፎቶ፣
ያስተያያል በየማታው፣ ባትሪውን አስጠግቶ፤
እኔም በየማታው አሳየዋለሁ፤ ምን ከፋኝ።

ትናንት መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም።
እስከ ጠባሴ ድረስ፣ ከኮከብ በቀር የበራ አልነበረም።
እጄን በብብቴ ይዤ ሰባት ሰዓት ጠበቅሁ፤
ሊነጋጋ ሲል መጣ፤ ቺፑን ቶሎ ለካሁ።
ቁጥሩ አለ።
ወረድ ብሏል፣ እንደ ደከመው ሰው፤
ግን አለ።

ስወጣ ጋሽ ሸዋንግዛው እጁን ዘርግቶ ተወው፤
ፊቴን አየ፤ ቆየ፤
የሆነ ነገር ከሩቅ እየመጣለት ይመስላል።
«ብርቱካን!» አለኝ፤ ፊቱ በራ።
ትርንጎ ነኝ እኔ፤ ግን ከዚያው አትክልት ስፍራ።
«ትርንጎ» አልሁት፣ በትንሽ ድምፅ፣ ብዙ ሳልገፋው፤
«እንዴታ!» አለ፤ የብረት በሩን ከፈተው።

ማታም በዚሁ ነኝ።