የእምቦጭ መዝገብ

ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ፣
ሜትር በኪሴ፣ መዝገብ በክንዴ፣ ቁጥር ልጨብጥ።
ሐይቁ ዳር ስደርስ ሐይቅ የለም፤ አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቶ፣
ሐምራዊ አበባ ጣል ጣል ያለበት፣ ውኃውን ሸፍኖ፣ ተኝቶ።

አርባ ሰው ነበር የተጠራው፤ ስልሳ ሁለት ሆነው ጠበቁኝ፣
“እኔን ጻፈኝ!” “እኔን አስቀድም!” በስም በአባት ስም ከበቡኝ።
“እንየው አሳየ?” “አለሁ።” “ዓይናዲስ ሙጬ?” ከወዲያ “አቤት” አለች፤
እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ናት፤ ስሟ ሳይጠራ ጀምራለች።

ያኔ ክፍያው በቀን ነበር፤
መንቀልም ሆነ መቆም፣ ጀንበር እስክትጠልቅ፣ እኩል የሚቆጠር።
ሥራው ቀስ ይላል። አንዱ ያወራል፣ አንዱ አልቅት ከባቱ ያነሣል፣
ሌላው የነቀለውን ተሸክሞ፣ ዳር ሳያደርስ ያርፋል፣ ይረሳል።
ግን ሲነቅሉ ከነሥሩ ነው፤ ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጢም ረዝሞ፣
ውኃ እያንጠባጠበ ይወጣል፣ ዳግም ላይመለስ ተለቅሞ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ ከቢሮ፣ ማኅተሙ ገና ያልደረቀ፦
“ከሰኞ ጀምሮ ክፍያው በካሬ ነው፤ ቆሞ መዋል እዚህ ላይ አለቀ።”
እኔም ሜትሬን ዘረጋሁ፤ አራት ችካል፣ ገመድ፣ ቁጥር።
እንየው በአንድ ጀንበር የሦስት ቀን ሠራ፤ ማን ይችለዋል ሲጣደፍ፣ ሲወጥር!
ቅዳሜ ጫማ ገዛ። ለእናቱ ቆርቆሮ አስጫነ።
አንጓች ደሴ ግን፣ ጉልበቷን አሟት፣ የቀኗ ግማሹ ባከነ፤
ድሮ ከምታገኘው አነሰባት፤ ብሯን ሁለቴ ቆጠረች፣
“ጉልበት በካሬ ሲለካ” አለች፣ “አምሳ የሞላት ምን ታህላለች?”

በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ጻፍኩ፤ በእጄ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
“ምርታማነት በእጥፍ አደገ።” እውነት ነው፤ ውሸት የለም።

ግን ሜትር የሚለካው ፊቱን ነው፤ ቆዳውን፣ የላዩን ስፋት፤
ሥር ፍለጋ ጎንበስ ያለ ሰው ምሳውን ያጣል፤ ትርፉ ልፋት።
ስለዚህ ማጭድ ወጣ። ቅጠሉ ታጨደ፣ ሜዳው ውኃ መሰለ፣
ሥሩ ግን ከታች በጨለማ ትንፋሹን ውጦ ዋለ።
መስከረም ጠባ። ያጸዳነው ካሬ ሐምራዊ አበባውን ይዞ መጣ፤
የተከፈለበትን እንደገና ለካሁ፤ ከአንድ ኪስ ሁለቴ ገንዘብ ወጣ።

“ለእኛስ ደግ ነው” አለ እንየው፣ አዲሱን ጫማ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣
“አንድ ሁለት ሥር ለዘር እንተው፤ ሥራ እንዳይጠፋ ሁሉ ተነቅሎ!”
ሳቅን። ሳቁ ውኃው ላይ ቆየ፣ እንደ ዘይት ሳይሰምጥ፤
የሚጠሉትን አረም እንዳያልቅ መለመን፣ ምን ዓይነት ምጥ!

ሁለተኛው ደብዳቤ በጥር መጣ፤ የዚህኛው ቃል ሌላ ነው፦
“ማንም ሠራተኛ በቀን ከዚህ በታች አይከፈለው።”
አንጓች እልል አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?
በጀቱ ግን ያው የአምናው ነው፤ አርባውን ሰው በምን እይዛለሁ?
ተቆጣጣሪው አቶ ላቀው መዝገቡን ከእጄ ወሰደና፣
በእርሳስ ጫፍ አሥራ አምስት ስም ሰረዘ፤ “እነዚህ ለከርሞ” አለ፣ ሳይል ቀና።

የቀሩት ሃያ አምስቱ ቁርስ በልተው ይመጡ ጀመር፤ ያስታውቃል፤
ጠግቦ ያደረ ክንድ ሥር ድረስ ይወርዳል፤ መንቀል ያውቃል።
አንጓች ከነሱ አንዷ ናት። ስሟ ሳይጠራ ትገባ የነበረችው ልጅ
ደረቅ መሬት ላይ ቆማለች፣ ማጭዷን እንደያዘች በእጅ።
“በግማሹ ልሥራ፤ ለማንም አልናገርም” አለችኝ፣ ማታ መንገድ ላይ ጠብቃ፤
ሕግ ነው አልኳት። “ለማን?” አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ አጥብቃ።

መልስ አልነበረኝም። የእኔ ደመወዝ በወር ነው፤ ካሬም ቀንም አይነካው፣
የሰዉን ላብ ስለካ ኖርኩ፤ የእኔን ላብ ማን ለካው?

በማግስቱ ሠርክ ላይ አንጓች አንድ ሥር አምጥታ መዝገቡ ላይ ጣለች።
ጭቃው ከስም ስም ፈሰሰ፤ ከገጹ አልፎ ተንጠለጠለ ጫፉ፣
“ይህ ስንት ነው?” አለች። ስፋት አለ፣ ቀን አለ፣ ብር አለ በየሰልፉ፤
ለጥልቀት የሚሆን ዓምድ የለም። ማስመሪያ አውጥቼ አንድ አሰመርኩ፣
ራስጌው ላይ ምን እንደምጽፍ አጥቼ፣ እርጥቡን ገጽ ከፍቼ ቆምኩ።

“ቁጥር ያዥ!” ጮኸ እንየው ከውኃው፣ “የእኔን ካሬ ለካው እንጂ፣ መሸ።”