የጓሮው ባሕር

ክላይቭ ጡረታ ወጥቶ ሦስተኛው ቀን ላይ፣
ከመዋኛ ገንዳው ዳር ቆሞ ዋለ ወደ ታች ሲያይ።
ሠላሳ አራት ዓመት የመርከብ ፓምፕ ሲፈታ ሲገጥም የኖረ፣
ከሰው ይልቅ ለብሎን የተናገረ፣
ማታ እራት ላይ ሹካውን አስቀመጠና፣
«ባሕር ላደርገው ነው» አለኝ፤ «ሰው አይዋኝበትምና።»

እውነቱን ነው፤ አይዋኝበትም።
ኬሪን ፐርዝ ከገባች ወዲህ ለገና እንኳ አትመጣም።
ውኃው ክሎሪን ጠግቦ፣ ሰማያዊ፣ ንጹሕ፣ ባዶ፣
እንደ እንግዳ ክፍል አልጋ፣ እንግዳ ሳይኖረው ዝም ብሎ ተሰናዶ።

ሰባ ጆንያ ጨው መጣ በጭነት መኪና፤
ጎረቤታችን ዶሪን ፓስኮ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችና፣
«ሥጋ ልታደርቁ ነው ወይ?» አለች።
«የባሌን ጭንቅላት ነው፣ እንዳይበላሽ» አልኳት፤ ሳቀች።
ጨው ለራሱ ሲል ካልጣፈጠ፣ ድንጋይ ነው ተብሎ ይጣላል፤
የክላይቭ ጨው ግን፣ እሱ እንዳለኝ፣ ድንጋይ ያበቅላል።

ከዚያ ጥበቃ። አሮጌው ውኃ ወጣ፣ አዲሱ ገባ፣
አለቱ ተከመረ፤ አንድ ትል የለ፣ አንድ አበባ።
መጀመሪያ ቡናማ ሆነ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣
ቀጥሎ ሸተተ፤ «ሽታው ሕይወት ነው» ይለኛል፣ አፍንጫ የሌለው ጓዴ።
ምሽት ምሽት በብልቃጥ እያንጠባጠበ፣
የውኃውን ጨው፣ የውኃውን ኖራ፣ እንደ ሕፃን ትኩሳት መዘገበ።
የእኔን የጉልበት ሕመም ግን አንድ ቀን አልጠየቀኝም፤
ይህን የምለው ለቅሬታ አይደለም።
(ይሁን፤ ትንሽ ለቅሬታም።)

በስምንተኛው ወር ከአንድ አርቢ ገዝቶ፣
አውራ ጣት የምታህል ኮራል አመጣ፣ እንደ አራስ ባል በቀስታ ነድቶ።
«ይህቺ ናት?» አልኩት። «ይህቺ ናት» አለ።
ድንጋይ መስላኝ ነበር፤ ሌሊት በባትሪ ሲያሳየኝ ግን፣
ከየቀዳዳዋ ጣት፣ ጣት፣ ጣት ብቅ አለ፤
እልፍ እጅ ያላት ድንጋይ፣ ጨለማን የምትለምን።

በየካቲት አውሎ ነፋስ መጣ። ዛፍ ጣራ ላይ፣ ጣራ አስፋልት ላይ አደረ።
መብራት ሄደ፤ ፓምፑ አንዴ አጓርቶ፣ አንዴ አስሎ፣ ቀረ።
ክላይቭ እናቱን ሲቀብር እንኳ እንደዚያ ሆኖ አላየሁም፤
ባልዲ አነሣ፤ ቀዳ፣ ውኃው አየር እንዲያገኝ ከፍ አድርጎ ደፋ፣ አልተቀመጠም።
መሸ፤ ተንበርክኮ ቀጠለ፤ እኔም ድስት ይዤ ወረድሁ፣ ተሳድቤ ስጨርስ፤
አጥሩ ወድቆ ነበርና ዶሪን መጣች በሌሊት ልብስ፤
ቱዋን ከማዶ ሚስቱንና እናቱን አስከትሎ፣
የልጆቹን የአሸዋ ባልዲ በጣቱ አንጠልጥሎ።
ስለ ኮራል ያወራ የለም።
ስለ ጣራ፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ቀለጠ አይስክሬም፤
እጅ ግን አላረፈም።
ቀድቶ መድፋት፣ ቀድቶ መድፋት፣
እስኪነጋ፣ ከነጋም በኋላ፣ እስከ ሌላው ማታ፣ እስከ ሌላው ንጋት።

በሦስተኛው ቀን መብራት መጣ።
ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ ነጥተዋል፤ ክላይቭ አንድ በአንድ አወጣ፣
በኩሽናው መስኮት ደፍ ላይ ደረደራቸው፣
እንደ ታጠበ ሲኒ ደፋቸው።
ዶሪን አንዱን ለምና ወሰደች፤ ምን እንደምታደርገው አልጠየቅናትም።
ሦስቱ ተረፉ። አውራ ጣቷም ተረፈች፤ አሁን ጡጫ ታህላለች፣
እጆቿንም ሌሊት ሌሊት ትዘረጋለች።

ኬሪን በስድስት ዓመቷ ከጥልቁ በኩል ዘልላ፣ ግንባሯ ተፈንክታ፣
ክላይቭ ከገንዳው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ጽፎ ነበር በዚያው ማታ፦
«መዝለል ክልክል ነው።»
አሁን አንድ ሮዝ ቅርፊት፣ እንደ ቀለም ስስ የሆነው፣
ከቀኝ ጀምሮ ፊደል በፊደል እየላሰ ሸፈነው።
ትናንት በመነጽሬ ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ አንድ ቃል ቀርቷል፤
«መዝለል» ይላል።
ፎቶ አንሥቼ ለኬሪን ላክሁላት፤ እስካሁን አልመለሰችም።
ክላይቭ ግን፣ ማንን እንዳሰበ እንጃ፣
ሁለት የዋና መነጽር ገዝቷል።