የሚለቅ ብረት

መምህር ኩመላ ጠመኔውን ጥሎ፣
"የነገ ሥራችሁ ሚስማር ነው" ብሎ፣
ቤተ ሙከራው ግን ቁልፉ ጠፍቶበታል፤
ቢከፈትስ ኖሮ፣ ከወንበር በቀር ምን ይገኝበታል?
"ሽቦ ፈልጉ ከየትም፤ የባትሪ ድንጋይ ሁለት ይበቃል፤
ስፒል አንስቶ ያሳየኝ ከእኔ በላይ ያውቃል።"

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ባለችው ጠባብ ቤት
ጋሽ ሰንበቶ አለ፣ ሞተር ሲጠመጥም ዕድሜ የቆጠረበት፤
የወፍጮ ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የተቃጠለ ቬንትሌተር
ሆዳቸው ተዘርግፎ ተራ ይጠብቃሉ፤ የሱ ሥራ መቁጠር።

ሲቆጥር ሰላም ቢሉት አይመልስም።
ስልሳ ስምንት... ስልሳ ዘጠኝ... ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤
ዙሩ ከተሳሳተ ሞተሩ ይከስላል፣ ደንበኛም ይወቅሳል።

ቆሜ ጠበቅኩ። መቶ ሃያ ላይ ቀና አለ፦
"አንቺ ልጅ፣ ምን ጎደለ?"
"ሽቦ።"
"ለምንሽ?"
"ሚስማር ላስተምር።"
ሳቀ። እንደ ዶሮ አንጀት ከተወሳሰበው የመዳብ ክር
አንድ ክንድ ተኩል ቆረጠልኝ።

ጠመጠምኩ። አስር። ሃያ። አርባ ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ፤
ከአንድ ጀመርኩ፣ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋና ደግሞ ጠፋኝ።
በመጨረሻ ሰማንያ።
ድንጋዮቹን ራስና ጭራ አገጣጥሜ በላስቲክ አሰርኩ፣
ሽቦውን አስነክቼ ሚስማሩን ወደ ስፒሉ አስጠጋሁ።
ምንም።
ሚስማር ያው ሚስማር።

"ድንጋዩ ሞቷል" አልኩ።
ዞር ሳይል፦ "ድንጋዩ ምን በደለ?
ሽቦው ቀለም ለብሷል፤ ኮረንት በቀለም መች ዘለለ?
ጫፉን ፋቂው እንጂ። ልብሱን ሳያወልቅ ማን ገላውን ታጠበ?"

በምላጭ ፋቅኩት። የመዳቡ ገላ ተገለጠ፤
ነካሁ። አንዱ ስፒል ብድግ ብሎ ወደ ሚስማሩ ሮጠ!
ሁለተኛው የአንደኛውን እግር፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን ያዘ፤
ሽቦው በአውራ ጣቴ ሥር ሞቀ፣
መጽሐፉ ይህን አልነገረኝም።

ለቀቅኩት።
ረገፉ። አንዱ ብቻ ቀረ፣ እያመነታ፣
እንደ ሠርግ እንግዳ ድንኳን ሲፈርስ የሚነሳ፤
ኋላ ወደቀ በዝግታ።

"ጋሽ ሰንበቶ፣ ለምን ይለቃል? ይኸኛው" አልኩ፣
ከተሰበረ ስፒከር የወጣ ማግኔት አንስቼ፣
"ድንጋይ አይሻ፣ ሽቦ አይሻ፣ ሁልጊዜ ይይዛል።"
"ይይዛል። ችግሩ እሱ ነው፣ መልቀቅ አያውቅም።
ሰሜኑን ከደቡቡ ልለይ ብዬ በመዶሻ ብመታው
ሁለት ሆኖ ጠበቀኝ፤ ለየቁራሹ ሰሜንም ደቡብም አለው።
የበር ደወል ብትሠሪበት አንዴ ጮሆ ይጣበቃል፤
ሞተር በሱ ብቻ ቢሠራ ግማሽ ዙር ሄዶ ይተኛል።
ሥራ የሚሠራልሽ፣ ልጄ፣
ይዞ የሚለቀው ነው።"
ብሎ ወደ ቁጥሩ ተመለሰ።

ስወጣ ነፋሱ ጀምሯል፤ ያው የአዳማ ነፋስ፣
በታጠበ ልብስ ላይ የአቧራ ልብስ የሚያለብስ።
የተዋስኩትን ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ መሬት ለመሬት ጎተትኩ፤
ጥቁር ጥቁር ፍሬ እንደ ጠጉር ቆሞበት አየሁ፣ ደነገጥኩ።
ለካ ስንረግመው የኖርነው አቧራ ብረት ነበረበት፣
የጥንት እሳተ ገሞራ በትኖት፣
የሚጠራው አጥቶ የተኛበት።

ቀና ስል ጋራው ላይ ነጫጭ ክንፎች ይዞራሉ።
እዚያም ውስጥ ሽቦ አለ። እዚያም አንድ ሰው
ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጥሮ ይሆናል።
ዓይኔን አቧራ የሞላው ነፋስ ክንፉን ይገፋል፣
ማግኔት ከሽቦ ፊት ይሽከረከራል፣ ኮረንት ይወለዳል፤
በምሰሶ በምሰሶ ቁልቁል ወርዶም ምናልባት
ጋሽ ሰንበቶ የጠገነው ወፍጮ ውስጥ ይገባና
እንደገና ማግኔት ይሆናል።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አስራ አንድ ስፒል አነሳሁ።
መምህር ኩመላ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ
"ስንት ዙር ነው?" አለኝ።
"ሰማንያ" አልኩ። "ወይም ሰማንያ አንድ።"
ጋሽ ሰንበቶ ይህን ቢሰማ
ሁሉንም አስፈትቶ
ከአንድ ያስጀምረኝ ነበር።