ሃያ ፊደል

ረቡዕ ማታ ማታ፣ ፈረቃዬ ሲያልቅ፣
የሆስፒታል አንሶላ ግለቱ ከእጄ ሳይለቅ፣
ትራም ይዤ እሄዳለሁ። ጌንት ታካፋለች፤
ዝናቧን እንደ ዕዳ በጥቂት በጥቂቱ ትከፍላለች።

ከሰዓት ጠጋኙ በላይ ባለችው ክፍል
ወይዘሮ ሼን ጋዜጣ ያነጥፋሉ፣ ቀለሙ ጠረጴዛ እንዳይበክል።
ተማሪው ሦስት ነው፦ እኔ፣ ነርሷ አኔሊን፣
ሦስተኛው፣ አንድ ጆሮው የደከመው ሊቨን፣
ዕድሜ ልኩን በቦዩ ላይ ለጀልባ በር የከፈተ፣
በጡረታው ማግሥት ብሩሽ የሸመተ።

«አምስት ፊደል በመስመር፣ መስመሩ አራት፤ ሃያ።
ከዚህ ያለፈው ወሬ ነው» አሉን በመጀመሪያ።
ሃያ! እኔ የመጣሁት
ሰላምታው ብቻ ከሃያ ቃል ከሚያልፍበት አገር፦
ደኅና ነሽ ወይ፣ ልጆቹስ፣ ቤቱስ፣ ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ፣
ይህ ሁሉ ነገሩ ሳይነገር።

የድምፁ ሕግ አላስፈራኝም፦ ዝርግ ድምፅና ሰያፍ።
እኛም ጋ ፊደል የማይጽፈው አለ፣ የሚወረስ ከአፍ፤
«አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይኖራል፤
«ገና» ሲላላ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓል ይሆናል።

የከበደኝ ሌላ ነው። አንዳንዱ ፊደል፣ ይላሉ፣
ዛሬ ዝርግ ይነበብ እንጂ ጥንት ሰያፍ ነበር ቃሉ፤
ድምፁ ከሞተ ቆይቷል፣ ሕጉ ግን አልተቀበረም።
«በሞተ ድምፅ ልንቀጣ?» አኔሊን አልተዋጠላትም።
እኔ ግን ሳቅሁ። ሀሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ፣
በአፍ አንድ ሆነው በወረቀት አንድ ያልሆኑ፤
አባቴ አንዴ ደብዳቤዬን በቀይ አርመው መለሱልኝ፣
ናፍቆቴን አልፈው «ሐ»ዬን ብቻ ገሠጹልኝ።

የመጀመሪያ ግጥሜ ጨረቃ ነበረው፣ ቀርከሃ፣ የሚሰደድ ዝይ፣
ጭጋግ የዋጠው ተራራ፣ የወይን ጽዋ።
ወይዘሮ ሼን በመስኮቱ ተመለከቱ። ጌንት እንደ ሰፌድ ዝርግ ናት።
«ተራራው የቱ ነው?»
ዝም አልኩ።
«ወይንስ ትጠጫለሽ?»
«አልጠጣም።»
«ታዲያ ዛሬ ምን አየሽ?»
«አንሶላ።»
«አንሶላ ጻፊ።»

ስም ለስም፣ ግስ ለግስ፣ ቁጥር ለቁጥር በሚቆምበት
ጥንድ መስመር ላይ ስንዳክር ሊቨን ጠረጴዛውን መታ፦
«ይህማ የእኔ በር ነው! ውሃው ወዲህና ወዲያ
ካልተካከለ አይከፈትም፣ ቢገፉት ሰው ሃያ፤
ከተካከለ ግን በአንድ ጣት።»

ጆሮው የማይለየውን ድምፅ ለመዳፉ አስተማረው፦
ተዘርግቶ ዝርግ፣ አጋድሎ ሰያፍ። እኔም ከእሱ ቀዳሁት።
ትራም ውስጥ መዳፌ ይተኛል፣ ያጋድላል፣ ይተኛል፤
አጠገቤ ያለችው ሴት ቦርሳዋን አቅፋ ወንበር ትቀይራለች።

አንሶላውን ጻፍኩት።
የማላውቀው ሰው ላብ፣ የማላውቀው ሰው ሌሊት፣
አጥቤ አጥፌ የምመልሰው፣ ለሌላ የማላውቀው።
ወይዘሮ ሼን አሥራ ዘጠኙን አለፉት፤
አንዱን ከበቡት፦ ሦስተኛ መስመር፣ ሁለተኛ ፊደል።
«ዝርግ ሆኗል፤ ቦታው ሰያፍ ይፈልጋል። ቃሉን እኔ አልሰጥሽም።»

ወጣን። ካፊያው አባርቷል። ከመንገዱ በላይ
የገና መብራት ጠበቅ ብሎ ታስሮ
ቦዩ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።
ሊቨን ከአሮጌው በሩ ዘንድ ቆመና
«አገኘሽው?» አለኝ።
«ገና» አልኩት፣ ሳላስበው፣ በቋንቋዬ።
አልገባውም። መዳፉን አነሣና ጠየቀኝ፦
ዝርግ?
ሰያፍ?