አንድ ወንበር

ጀርመኑ መሐንዲስ ሲሄድ የተወውን
ባለ ሁለት በር ኩፔ፣ ኮፈኑ የዛገውን፣
ነዚፍ ባትላሜራው በገመድ ጎትቶ
ኮቺ ጋራዡ ውስጥ ከዝናብ አስገብቶ
አንድ ፎቶ ለጠፈ፣ ከአሮጌ ካላንደር የተቀደደ።
ያው መኪና ነበር፤ ያው ራሱ፣ ግን ሌላ፦
ትከሻው የሰፋ፣ ሆዱ አስፋልት ሊልስ የደረሰ፣
ጅራቱ ላይ ክንፍ፣ በሩ ላይ ሰባት ቁጥር።
«አየኸው?» አለኝ። «የኛው ከሱቅ የወጣው ነው፣
ሐኪም ሚስቱን ይዞ ሠርግ የሚሄድበት።
ይሄም ያው ልጅ ነው፤ እልህ የያዘው ቀን።»

ከዚያ ማውለቅ ጀመርን።
ምንጣፉ ወጣ፣ ኮርኒሱ ወጣ፣ የኋላው ወንበር ወጣ፣
ራዲዮኑ፣ ማሞቂያው፣ የበሩ መቆለፊያ ሳይቀር ወጣ።
«ክብደት ሌባ ነው» ይላል፣
«ሰዓትህን ከእጅህ ላይ የሚፈታ።»
ፓራፋንጎውን ከዘይት በርሜል ቆርጦ አሰፋ፤
እኔ መብራት ያዥ ነኝ፣ ብልጭታው እጄን እየፈጀኝ።
ስቶኮ ቀባ፣ ፈገፈገ፣ እንደገና ቀባ፣
አንዱ ክረምት ወጣ፣ ሌላው ክረምት ገባ።

ሚስቱ ዙልፋ ምሳ ይዛ መጥታ
በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ
«አንድ ወንበር ብቻ! እኔስ የት ልቀመጥ ነው?» አለች።
ነዚፍ መፍቻውን አየ። እኔም መፍቻውን አየሁ።

ደግሞስ ጅማ ውስጥ የት ይሮጣል?
ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ባጃጅ ነው፣
ጉድጓድ ነው፣ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ነው።

በሐምሌ አንድ ሌሊት፣ አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን ሲያንኳኳ፣
የአምቡላንሱ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ዝም ሲል፣
ዙልፋን ምጥ ያዛት።
ባዶው ላሜራ ላይ ፍራሽ ጣልንላት፤
የበየድነውን ቧንቧ በሁለት እጇ ጨበጠች፤
እኔ በሩን በሽቦ ይዣለሁ፣
መቆለፊያውን «ይከብዳል» ብለን ጥለነው የለ!
ማርሚታ የለው፤ ገና ሲነሣ
የሰፈሩ ውሻ አብሮ ተነሣ።
ሁለተኛ። ሦስተኛ። ውኃው እንደ መጋረጃ ተቀደደ።
«ቀስ!» ትላለች ዙልፋ። «ፍጠን!» ትላለች። «ቀስ!»
ነዚፍ አልዞረም፤ ከንፈሩ ብቻ ዱዓ ያደርጋል።

ባንዲራ ያውለበለበ የለም።
የሆስፒታሉ ዘበኛ ጃንጥላውን ዘርግቶ በሩን ከፈተ፣ በቃ።

ንጋት ላይ ነርሷ ሚዛኑን አይታ
«ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ» ስትል
ነዚፍ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

አሁን ከሾፌሩ ጎን ወንበር አለ፣
ከሚኒባስ የተፈታ፣ ቀለሙ ከምንም የማይገጥም።
በሩ ላይ ግን ቁጥር አልተጻፈም፤
«ልጅቷ መቁጠር ትልመድና
ራሷ ትመርጣለች» ይላል።