ገራባ በጎማ

ደንገጎ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣
ድሬ ከታች ቀልጣ በወበቅ ስትታይ፣
«ጧ!» አለ የኋላው።
ፊርዶሳ ዞር ብላ «ያንተ ነው የኔ?» አለች፤
መልስ ሳልሰጣት ቸርኬዬ ከጠጠር ጋር አወራች።

ሳይክሌን ከመንገድ አውጥቼ፣ መሪዋን ገልብጬ፣
ከአንዲት ቀጫጫ ግራር ሥር ተቀምጬ፣
ጋሽ ቡሽራን አሰብኩ።

ከዚራ፣ ከምድር ባቡሩ ግንብ ጥግ፣ ከኒሟ ሥር፣
እሱ ነበር ያገሩን ጎማ የሚመረምር።
ቀዳዳ በዓይኑ አይፈልግም፣ በጉንጩ ነው፤
ከመነዳሪውን ነፍቶ ፊቱ ዘንድ ሲያስጠጋው፣
«ስማ አቦ» ይለኛል፣ «ትንፋሽ የሌለው ቀዳዳ የለም፤
ዓይን ይዋሻል፣ ጉንጭ ግን አይሸነግልም።»

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ፤ ቁርሴ ሳምቡሳ፣ ደሞዜም ሳምቡሳ፤
ሥራዬ ካቴና በናፍጣ ማጠብ፣ ማቀበል ፒንሳ።
«ዘይቱን ቀብተህ ጥረገው» ይላል፣ ጨርቅ እየወረወረ፣
«የአቧራ ምሳ ነው፣ ካቴና ላይ የቀረ።»

«እሾኹን ሳትነቅል ልጣፍ ብትለጥፍበት፣
ሌባ ቤት አስገብቶ በር እንደ መዝጋት።
ጣትህን ላክ በጎማው ሆድ፣ ቀስ ብለህ ዳስስ፤
ግራር ተንኮለኛ ነው፣ ጫፉን ያስቀራል ሲበጠስ።
በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አርገህ ማስቲሹን ቀባ፤
ከዚያ እጅህን ሰብስብ፣ ከሰው ወሬ ግባ።
ማስቲሽ እስኪደርቅ ወሬ ነው መድኃኒቱ፤
ቸኩሎ የለጠፈ በእግሩ ይገባል ቤቱ።»

ሰምቼዋለሁ ሁሉን። ስሰማ ግን ዓይኔ
ከባጃጅ ጋር ይሄዳል። ይኸው ዛሬ እኔ
ቦርሳዬን ብከፍት፣ ማስቲሹ ድንጋይ፤
ክዳኑን ሳላጠብቅ፣ ከግንቦት ወዲህ አንድ ቀን ሳላይ።
ልጣፍ አለኝ ስድስት፤ የሚያጣብቅ የለም።
ፖምፓም ይዣለሁ፤ ለተቀደደ ትንፋሽ ፖምፓ አይጠቅምም።

ፊርዶሳ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች።
የጎማው ጎን ላይ ጣት የሚያስገባ ቅዳጅ አየች።
አሥር ብር አወጣች፣ አራት እጥፍ አጠፈችው፣
ከውስጥ፣ በቅዳጁ ልክ፣ አስተኛችው።
«ገንዘብ ቀዳዳ ሲደፍን» አልኳት «ዛሬ ገና አየሁ።»
«ብድር ነው» አለች። እኔም እሺ አልኩ፣ ሳልከራከር ተቀበልኩ።

ከማዶ ጥላ ሥር ሁለት ድንጋይ ፈላጮች፣
በርጫቸውን የጨረሱ፣ ዓይናቸው እንደ ፋኖሶች።
አንዱ፣ ጂብሪል የሚሉት፣ ገራባውን በእቅፉ አፍሶ፣
«ይኼስ አይሆንም?» አለ፣ መንገዱን ጥሶ።

ልስቅ ነበር፤ ያ ድምፅ ከኒሟ ሥር መጣ፦
«ጎማ ሆድ ነው ልጄ፣ ባዶውን አይወጣ፤
አየር ካጣህለት ድርቆሽም አይጠላም፤
ላላ አርገህ ከሞላኸው ግን ኩርባ አያልፍም።»

ጠቀጠቅን።
ቅጠሉን ቀድመን፣ እንጨቱን ሰባብረን፣
ጂብሪል በመዶሻ እጀታ እየደቆሰልን፣
አንድ ጆንያ ገራባ ጎማው ዋጠው፤
እስከ ዛሬ ምርቃናው አልለቀቀው።

ቁልቁለቱ ላይ ሳይክሌ እንደ ግመል ተራመደች፣
ጉብ፣ ጉብ፣ ወገቤን እየቆጠረች።
ፍሬኑን ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ፤
ጨምድዶ የያዘ ቸርኬው ሲግል ነው የሚያውቅ።
አይሱዙው በጥሩንባ አልፎን ሲበር፣
ከላይ ያለው ጫት ከታች ላለው ዘመዱ ሰላም ይል ነበር።

ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣
ቅዳጁ ካሥር ብሩ ጎን ትንሽ ከፈት ሲል፣
አንድ ዝንጣፊ ወደቀ፣ ከዚያ ሌላ፤
ኮቴ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ ከኋላ።
ፍየል ናት። ጥቁር፣ ባለ አንድ ቀንድ፣
ጎማዬን እየበላች የምትከተል በመንገድ።
«እሽ!» ብላት፣ ወላሂ፣ ቀና ብላም አላየችኝ፤
እስከ መጋላ ድረስ ሸኘችኝ።

ከኒሟ ሥር ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጣል።
ሻጩ ቡሽራን አያውቅም። «ጎሚስታ? እዚህ?» ይላል።

ማታውኑ ማስቲሽ ገዛሁ፣ ሁለት። ክዳኑን አጠበቅሁ።
ገራባውን ለፍየሏ ዘረገፍኩ፣ አዲስ ከመነዳሪ አገባሁ።
አሥር ብሩ ግን እዚያው ነው፣ ከጎማው ጎን፣ እንደ ታጠፈ፤
ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ።
ፊርዶሳ ባገኘችኝ ቁጥር «ብሬስ?» ትለኛለች።
«ሥራ ላይ ነው» እላታለሁ።